ስኳርን በምላስ ሳይሆን በሚዛን

አብዛኛው ሰው የሚጠጣው ነገር ምን ያህል ስኳር እንዳለው የሚገምተው በምላሱ ነው። ከጣፈጠው ብዙ አለው፣ ካልጣፈጠው ትንሽ ነው ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ግን ደጋግሞ ይስታል። መጠጥ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ለምላስ ይደበዝዛል፤ ከፍሪጅ ሲወጣ ልክ የነበረው ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ሲሞቅ የሚያሰለቸው ስኳሩ ስለጨመረ አይደለም። ሎሚ የገባበት መጠጥ ስኳሩ በኮምጣጣነቱ ይሸፈናል። ልማድም አለ፤ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው አንድ ማንኪያ የገባበትን «ስኳር የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። በሌላ በኩል አስፓርቴም የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ፣ ምንም ስኳር የሌለው መጠጥ ከባለስኳሩ እኩል ሊጣፍጥ ይችላል። ስለዚህ የመጠጥን ስኳር መመዘን እንጂ መቅመስ አያዋጣም። መመዘኑ ደግሞ ትልቅ ላቦራቶሪ ላላቸው ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። ጠርሙስ፣ የወጥ ቤት ሚዛንና ንጹህ ውሃ ያለው ቤተሰብ ወይም የትምህርት ቤት ክፍል ሊሠራው ይችላል፤ ቢሠራውም ብዙ ያተርፋል።

ነገሩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምላስ ቢተውም ጉዳት አልነበረውም። ግን የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብና መጠጥ ከሚጨመረው ስኳር እንዲሁም በማር፣ በሽሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ካለው ስኳር የሚገኘው ኃይል፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አጥብቆ መክሯል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ የበለጠ እንደሚጠቅምም ጠቁሟል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ ሲመነዘር 50 ግራምና 25 ግራም ገደማ ይሆናል። ምክሩ የተሰጠው በሚቆጠር ነገር ነው፤ በግራም የተሰጠን ምክር ደግሞ በግምት መፈጸም አይቻልም። በተለይ መጠጥ ላይ ግምት አደገኛ ነው። የሚታኘክ ምግብ ጊዜ ይወስዳል፣ ሆድም ይይዛል፤ በፈሳሽ የገባ ስኳር ግን በጥቂት ጉንጭ ያልቃል፣ ጥጋቡም ያን ያህል አይሰማም። ጠጪው ምን ያህል እንደወሰደ ሳያውቅ ወደ ቀጣዩ ምግብ ይሄዳል።

መመዘኛው የቆመበት ሐሳብ ቀላል ነው። ስኳር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ከሚዛን አይጠፋም። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 100 ግራም ያህል ይመዝናል። 10 ግራም ስኳር ሲጨመርበት ክብደቱ 110 ግራም ይሆናል፤ ይዘቱ ግን 110 ሚሊ ሊትር አይደርስም፣ ወደ 106 ገደማ ላይ ይቆማል። ክብደቱ ይዘቱን ስለቀደመው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ከባዶ ውሃ ይከብዳል ማለት ነው። ተማሪዎች እፍግታ ወይም ዴንሲቲ ብለው የሚያውቁት ይህንኑ ነው፤ ክብደት ለይዘት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ የንጹህ ውሃ እፍግታ በሚሊ ሊትር 0.998 ግራም ነው። ከክብደቱ 5 በመቶው ስኳር የሆነ ውሃ 1.018፣ 10 በመቶው ስኳር የሆነ 1.038፣ 15 በመቶው ስኳር የሆነ ደግሞ 1.059 ይሆናል። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ያየ ሰው ሥርዓታቸውን ወዲያው ያገኘዋል፤ ስኳሩ በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር እፍግታው በ0.004 ገደማ ይጨምራል። ሙከራው በሙሉ የተሠራው በዚህች 0.004 ላይ ነው።

ይህ እውቀት አዲስ አይደለም። ፈሳሽ ውስጥ የገባ ነገር ቦታውን በለቀቀለት ፈሳሽ ክብደት ልክ ወደ ላይ እንደሚገፋ የሰራኩሱ አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ400 ገደማ ሲኔሲዮስ የተባለ ሰው ለእስክንድርያዋ ሊቅ ለሃይፔሽያ በጻፈው ደብዳቤ የፈሳሽን ክብደት የሚለካ ተንሳፋፊ መሣሪያ እንድታሠራለት ጠይቋል። ዛሬ ሃይድሮሜትር የሚባለው መሣሪያ በሐሳቡ ከዚያ አይለይም፤ ከታች ክብደት ያለው፣ ከላይ ቀጭን አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ቱቦ ነው። ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ቀላል ፈሳሽ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። በ19ኛው መቶ ዓመት የቦሄሚያው ካርል ባሊንግ፣ ከእርሱም በኋላ ጀርመናዊው አዶልፍ ብሪክስ የስኳር ውሃን እፍግታ በጥንቃቄ ለክተው ሠንጠረዥ ሠሩ። የዓለም የስኳርና የጭማቂ ኢንዱስትሪ እስከ ዛሬ «ብሪክስ» እያለ የሚቆጥረው ከዚያ የመጣ ነው፤ 1 ብሪክስ ማለት በ100 ግራም ፈሳሽ ውስጥ 1 ግራም ስኳር ማለት ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረው ከወንጂ ፋብሪካ አንስቶ የስኳር ፋብሪካዎች የአገዳውን ጭማቂ ያለ ብሪክስ አይገምቱም። ወተት ሰብሳቢዎችም ውሃ የተቀላቀለበትን ወተት ለመለየት የሚነክሩት ላክቶሜትር የዚሁ የሃይድሮሜትር ወንድም ነው። እፍግታ እንግዲህ ገበያው የሚያምነው መለኪያ ነው። ገዢና ሻጭ የተማመኑበትን መለኪያ ጠጪው የማይጠቀምበት ምክንያት የለም።

ሙከራው እንዲህ ይሠራል። ግማሽ ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ጠርሙስ ይታጠብና በደንብ ይደርቃል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አይመረጥም፤ እጅ ሲይዘው ይጨመቃል፣ ይዘቱም ይለዋወጣል። ባዶው ጠርሙስ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ዜሮ ይደረጋል። ከዚያ እስከ አፉ ጢም ብሎ ንጹህ ውሃ ይሞላል፣ ውጪው በጨርቅ ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። ውሃው ይደፋና ጠርሙሱ በሚለካው መጠጥ በጥቂቱ ይለቀለቃል፤ ውስጡ የቀረ የውሃ ጠብታ መጠጡን እንዳያቀጥነው ነው። በመጨረሻም በዚያው ልክ እስከ አፉ መጠጡ ይሞላና ይመዘናል። የዚህ አሠራር ብልሃቱ ይዘትን በሚሊ ሊትር መለካት አለማስፈለጉ ነው። ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ፣ የተሞላውም እስከ ያው አፍ ስለሆነ፣ የመጠጡ ክብደት ለውሃው ክብደት ሲካፈል መጠጡ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ በቀጥታ ይነግረናል። ከዚያ ላይ 1 ተቀንሶ የቀረው ለ0.004 ሲካፈል የስኳሩ መቶኛ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። ጠርሙሱ 500 ግራም ውሃ ያዘ እንበል። በዚያው ጠርሙስ የተሞላው ለስላሳ 520 ግራም ቢመዝን፣ 520 ለ500 ሲካፈል 1.040 ይሆናል። ትርፉ 0.040 ነው፤ ለ0.004 ሲካፈል 10 ይሰጣል። መጠጡ ከክብደቱ 10 በመቶው ስኳር ነው ማለት ነው። መጠጡ ከውሃ ጥቂት ስለሚከብድ በ100 ሚሊ ሊትር ሲሰላ 10.4 ግራም ገደማ ይሆናል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የመስታወት ጠርሙስ ጨርሶ የጠጣ ሰው እንግዲህ 31 ግራም ስኳር ወስዷል፤ በ4 ግራም የሻይ ማንኪያ ስምንት ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከላይ ከተጠቀሰው የ50 ግራም ጣሪያ ከግማሽ በላይ፣ ከ25 ግራሙ ደግሞ አልፎ ማለት ነው። ስሌቱ ከእውነታው የራቀ እንዳልሆነ ለማየት አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠውን የኮካ ኮላ ጣሳ ማንበብ ይበቃል፤ በ355 ሚሊ ሊትር 39 ግራም ስኳር እንዳለው ተጽፎበታል፣ ይህም በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ነው። የዚያው ኩባንያ ስኳር አልባ ጣሳ በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ይንሳፈፋል፤ ባለስኳሩ ይሰምጣል። መምህራን ክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚያሳዩት ይህ ልዩነት ሚዛኑ በቁጥር የሚናገረውን ለዓይን ያሳያል።

«በወጥ ቤት ሚዛን የሚሠራ ነገር ምን ያህል ይታመናል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ በማወቅ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ጋዝ አለ። ጋዝ ያለው መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ሲሞላ አረፋው ቦታ ይይዛል፤ ቦታውን የያዘው ጋዝ ክብደቱ ኢምንት ስለሆነ መጠጡ ከእውነቱ ቀልሎ ይመዘናል። ሃይድሮሜትር የሚጠቀም ሰውም ጥቃቅን አረፋዎች ቱቦው ላይ እየተለጠፉ ወደ ላይ ሲያነሱት ያያል፤ ንባቡ ስኳሩን ያበዛበታል። መፍትሔው መጠጡን ከሰፊ ዕቃ ወደ ሰፊ ዕቃ ደጋግሞ መገልበጥና አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ማቆየት ነው። ቀጥሎ ሙቀት አለ። ውሃ በ20 ዲግሪ 0.998 የሆነው በ30 ዲግሪ 0.996 ይሆናል፤ ትንሽ ብትመስልም ወደ ስኳር ስትመነዘር ከግማሽ በመቶ በላይ ታሳስታለች። ስለዚህ ውሃውና መጠጡ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሰዓታት ቆይተው እኩል ሙቀት ላይ ይመዘኑ። ሦስተኛው ሚዛኑ ራሱ ነው። በ1 ግራም የሚያነብ ሚዛን 500 ግራም ላይ 1 ግራም ቢስት፣ ውጤቱ በግማሽ በመቶ ስኳር ይዛባል፤ 10 የተባለው 9.5 ወይም 10.5 ሊሆን ይችላል። ይህ ስህተት ለስላሳን ከውሃ፣ ግማሽ ስኳር ያለውን ከሙሉው ለመለየት ምንም አያግድም።

ከዚህም በላይ ሙከራው ራሱን መፈተሽ ይችላል። 60 ግራም ስኳር በ540 ግራም ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ ቢመዘን፣ በእርግጥ የሚታወቅ 10 በመቶ የስኳር ውሃ ነው። 500 ግራም ውሃ የሚይዘው ጠርሙስ በእርሱ ተሞልቶ 520 ግራም አካባቢ ካላሳየ ስህተቱ ከአሠራሩ ነው፤ እስኪስተካከል መደጋገም ነው። አንድ ስኳር አልባ ለስላሳም አብሮ ቢመዘን ከውሃ እኩል ገደማ መምጣት አለበት። እነዚህን ሁለት ምስክሮች ያለፈ መለኪያ ላይ የሚነሳ ጥርጣሬ ብዙ አይቆይም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። እፍግታ የሚለካው ስኳርን ብቻ ሳይሆን ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ነው። ጨውም ቢሆን፣ አሲድም ቢሆን ያከብዳል። ይህ እውነት ነው፤ የተቃውሞው ክብደት ግን ከመጠጥ መጠጥ ይለያያል። ለስላሳ ውስጥ ከውሃ ሌላ ያለው ነገር በክብደት ሲታይ አብዛኛው ስኳር ነው፤ ቀለሙ፣ መዓዛ ሰጪውና አሲዱ ከስኳሩ አጠገብ ኢምንት ናቸው። ስኳሩ የአገዳ ይሁን ግሉኮስ ወይም ፍሩክቶስ እፍግታው በጣም ተቀራራቢ ስለሆነ ስሌቱ አይፈርስም። የብርቱካን ጭማቂ ላይ ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ብሪክሱ 11 ገደማ ሲሆን ስኳሩ በ100 ሚሊ ሊትር ከ8 እስከ 9 ግራም አካባቢ ነው፣ ቀሪው ሲትሪክ አሲድና ሌላ የፍሬው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ጭማቂ ላይ የሚገኘው ቁጥር «ከዚህ አይበልጥም» የሚል ጣሪያ ተደርጎ ይነበባል። ወተት ወይም አቮካዶ የገባበት ነገር ላይ ደግሞ ሙከራው ባይሠራ ይሻላል፤ ፕሮቲኑ ወደ አንድ ወገን፣ ቅባቱ ወደ ሌላው ይጎትተዋል። አንድ መለኪያ ሁሉን አለመለካቱ ግን የሚለካውን አያሳጣውም።

ጠጅና ጠላ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአልኮል እፍግታ በሚሊ ሊትር 0.789 ብቻ ስለሆነ ከውሃ ይቀላል። ብርዝ ሲፈላ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ጋዝ ይለውጠዋል፤ ከባዱ ስኳር እየጎደለ ቀላሉ አልኮል እየተተካ እፍግታው በሁለት ምክንያት ይወርዳል። ከይዘቱ 10 በመቶ አልኮል ያለው ጠጅ ከ3 በመቶ በላይ የሚሆን ስኳር ከሚዛኑ ሊሰውር ይችላል። የጠመቃ ባለሙያዎች ይህን ችግር ወደ ጥቅም ለውጠውታል፤ ከመፍላቱ በፊትና ከፈላ በኋላ ሁለት ጊዜ ይለካሉ፣ በመካከሉ ከወረደው እፍግታም ስንት አልኮል እንደተሠራ ያሰላሉ። ያልፈላ ብርዝ ግን በአንድ ጊዜ ልኬት ይታወቃል፤ ውጤቱም ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነው። ማር ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው፤ አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ የተበረዘ ብርዝ በ100 ሚሊ ሊትር 22 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ከለስላሳው እጥፍ ነው። ማር ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጠርሙሱን ሚዛን ላይ ያስቀምጠው።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ የለም?» የሚልም ይኖራል። የተጻፈበት ካለ ማንበብ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ሙከራውም የተጻፈውን ለማመን ወይም ለመጠየቅ ያስችላል። ነገር ግን ከምንጠጣው ብዙው ጽሑፍ የለውም። የቡና ቤቱ ሻይ፣ የጁስ ቤቱ ፓፓያና ማንጎ፣ ለልጅ ቤት ውስጥ የሚበረዘው ጭማቂ፣ ለበዓል የሚዘጋጀው ብርዝ ምንም ጽሑፍ ሳይለጠፍባቸው ነው የሚቀርቡት። «የፍራፍሬ ስኳር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባልም እዚህ ላይ ይወድቃል። ሚዛን የፍሬውን ስኳር ከተጨመረው አይለይም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን የተጨመቀን ፍራፍሬ ስኳር ከገደቡ ውስጥ ነው የሚቆጥረው። ሙሉ ብርቱካን የሚበላ ሰው አሰሩንም አብሮ ይበላል፣ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይም አይበላም። ሲጨመቅ ግን አሰሩ ይቀርና የብዙ ፍሬ ስኳር አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

ሌላው ተቃውሞ «ሰው ቁጥር ስላወቀ ልማዱን አይተውም» የሚለው ነው። ለአንድ ሰው ይህ ሊሆን ይችላል። ማኅበረሰብ ላይ ግን የሚለካ ነገር ነው የሚስተካከለው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቃ በሚያዝያ 2018 ሥራ ላይ ባዋለችው ቀረጥ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ያለውን መጠጥ ነጻ አደረገች፣ ከ5 እስከ 8 ግራም ባለው ላይ በሊትር 18 ፔንስ፣ 8 ግራምና ከዚያ በላይ ባለው ላይ 24 ፔንስ ጣለች። ብዙ አምራቾች ቀረጡ ከመጀመሩ በፊት መጠጣቸውን ከ5 ግራም በታች አወረዱ። ያን ያደረገው ምክር ብቻ አልነበረም፤ መስመሩ በግራም መሰመሩና በግራም መፈተሹ ነው። ኢትዮጵያም በኤክሳይዝ ታክስ ሕጓ በለስላሳ መጠጥ ላይ ታክስ ታስከፍላለች። ስለ ስኳርና ስለ ቀረጥ የሚደረግ ክርክር ፍሬ የሚያፈራው ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ቁጥር ሲነጋገሩ ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ከባለሙያው እጅ አልፎ በዜጋው እጅ ሲገባ ክርክሩ ይጠራል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቻችን የእፍግታን ቀመር በቃላቸው ይዘው ፈተና ላይ ይጽፉታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያሰሉት ስለ ብረትና ስለ እንጨት ነው። በዕረፍት ሰዓት የሚጠጡትን ለስላሳ ቢያሰሉበት ያው ቀመር የራሳቸው ይሆናል። ላቦራቶሪ የለንም ማለት እዚህ ላይ ምክንያት አይሆንም፤ አጠገቡ ሚዛን ያለው ባለሱቅ የሌለበት ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ክፍሉ በአምስት ቡድን ተከፍሎ አንዱ ውሃ፣ አንዱ የታወቀ የስኳር ውሃ፣ ሌሎቹ ሦስት የተለያዩ መጠጦች ቢመዝኑና ውጤታቸውን በሰሌዳ ላይ ቢያነጻጽሩ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ፣ ሒሳብና የጤና ትምህርት አብረው ይማራሉ። ከዚያም በላይ የሚማሩት አለ፤ የቀረበላቸውን ነገር በስሙ፣ በማስታወቂያው ወይም በጣዕሙ ሳይሆን በልኩ መፍረድ፣ ያገኙት ቁጥር ላይም ስህተቱን አብረው መጻፍ። መምህራን ይህን ሙከራ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ዕቅዳቸው ውስጥ ቢያስገቡት፣ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር ቤት ውስጥ ቢደግሙት፣ በየቀኑ የምንጠጣው ነገር ምን ያህል ስኳር እንደያዘ በራሳችን ማረጋገጥ እንጀምራለን።